ሁለት ሰውና ስድስት ጀሪካን የምታሳፍር መኪና

የመነሻ ጽሑፍ

የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ልጅ ገና አልወለድንም። እኔ ነርስ ነኝ፤ እሱ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ሰልፍ ቆሜ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ጨርሼ ሥራ ቦታ ስደርስ ገና አንድ በሽተኛ ሳላይ ደክሞኛል። ማታ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችን የሚያደርስ ባጃጅ ይጠፋል።

ባለፈው ወር እቁብ ወጣልን። ከቁጠባችንና ባለቤቴ ከሚያገኘው ብድር ጋር ተደምሮ አንዲት ትንሽ መኪና ይገዛል፤ ከዚያ በላይ አይገዛም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ፣ ነዳጅ የማታበዛ፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ የሚገኝ መኪና የትኛዋ ናት? ባለቤቴ ለሁለት ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይበቃል ባይ ነው። እኔ ግን መኪናዋ ውስጥ የሚገባውን ስቆጥር ሁለት ላይ አልቆምም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ስድስት ጀሪካን አለ። በየሦስት ወሩ ከእናቴ ቤት፣ ከቢሾፍቱ፣ የሚመጣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ለመነሣት ሰው የሚፈልጉ አማቴ አሉ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ይህን በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ 19 መልስ ጠበቀኝ፤ በሳምንቱ ከ40 አለፈ። አሁን ብዙ ሰው ከመሐል እየገባ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር በየቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ ስድቡን አውጥቼዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ስላሳቀኝ ሽታውን ትቻለሁ።

መልስ 1። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ቶዮታ ቪትዝ ግዙ አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

መልስ 2። ያንኑ ደገመች፤ እሷ ግን ምክንያት ይዛ መጣች። የመጀመሪያዋ ቪትዝ በፈረንጆቹ 1999 የወጣች ናት። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጣ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆና ተመርጣለች። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩልን እምብዛም ባያልፍም፣ ጎማዎቿ ወደ አራቱ ማዕዘን ስለተገፉ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር አላት። ጣሪያዋም ከፍ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው አንገቱን አይሰብርም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የኋላ ወንበሩ በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተቱን የጻፈችውን ነው፤ ሰው ሲጫን ወደ ኋላ፣ ዕቃ ሲጫን ወደ ፊት። እህቷ ዘጠኝ ዓመት ነድታታለች።

መልስ 3። እርማት ነው፤ ትሕትና ያለው፣ ግን ጥርስም ያለው እርማት። ቪትዝ ብሎ ዝም ማለት ድፎ ዳቦ ብሎ የየት ቤት እንደሆነ አለመናገር መሆኑን አስታወሰን። በ1999፣ በ2005ና በ2010 የወጡት ሦስቱ አንድ ስም ይዘው እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ዋጋቸው ለምን እንደማይወርድም አስረዳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከነጭራሹ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ያረጃሉ እንጂ አይበዙም፤ ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና እንደ ወርቅ ዋጋዋ ሲጨምር ብታዩ አትደነቁ ብሎ ዘጋ። ይህች የወርቅ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣች።

መልስ 4። ቃሊቲ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩት ከእሱ ነው። ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የተሰጠ ነው። ጃፓኖች በግራ መንገድ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። እንግዲህ እኛ አገር መሪዋ በግራ ሆኖ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ የለጠፈች መኪና ካያችሁ፣ መሪዋ ዞሮ ነው የመጣችው ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ የፍጥነት መቁጠሪያዋ ከመሐል ስለሆነ ማዞሩ ብዙ አያስቸግርም፤ ግን ያዞረው እጅ ይለያያል። የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬኑን መርገጫ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተደበቀ ስንጥቅ ካለ እዩ አለን። ቀላሉ ፈተና ግን የዝናብ መጥረጊያው ነው። በቀኝ ለተቀመጠ ሾፌር የተሠራ ስለሆነ በግራ ጥግ ያለውን መስታወት ሳይጠርግ ይተወዋል፤ ክረምት ላይ ሾፌሩ የሚያይበት ደግሞ በዚያው ጥግ ነው። ያሪስ የሚል ጽሑፍ ያላቸው በአብዛኛው ከመጀመሪያውም መሪያቸው በግራ ስለሆነ፣ ትንሽ ቢወደዱም ያንን እንድናስብ መከረን።

መልስ 5። በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚሠራ ሾፌር ለሱዙኪ ዲዛየር ተከራከረ። ቀኑን ሙሉ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጣ ሻንጣ ሲጭን ይውላል። የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋ 378 ሊትር ይይዛል፤ ከመሬት ያላት ከፍታ 163 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሯ 1.2 ሊትር ነው። ስለ ውበቷ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለስድስት ጀሪካን ወንበር ማጠፍ እንደማያስፈልግ ግን በሙያው ማለ።

መልስ 6። ዲዛየር ጭራዋ የተቆረጠ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ነገረን። ሕንድ ውስጥ ከአራት ሜትር የምታጥር፣ የቤንዚን ሞተሯም ከ1.2 ሊትር የማይበልጥ መኪና ዝቅ ያለ ግብር ነው የምትከፍለው። ስለዚህ 3 ሜትር ከ99 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ አቆሟት። ማንም አልጠየቀውም፤ ግን ትንሽ ሆና ሰፊ የሆነችው በጥበብ ብቻ ሳይሆን በግብር ሰብሳቢም መሆኑን ማወቅ ያስደስታል።

መልስ 7። የሚሸጥ ቪትዝ አለኝ፣ አንድ እጅ ብቻ የነዳት፣ ሴት የያዘቻት የሚል ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ። ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ።

መልስ 8። መድረኩ የደላላ ሠፈር አይደለም ብሎ 7 ቁጥርን ተቆጣ፤ ሴት የያዘቻት የሚለው ነገር ደግሞ በሁሉም ማስታወቂያ ላይ ስላለ የአገሪቱ መኪና ሁሉ በሴት እጅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀለደ።

መልስ 9። ኮብልስቶን ባልደረሰበት ሠፈር ለሚኖር ሰው የሱዙኪ ኤስፕሬሶ 180 ሚሊ ሜትር ከፍታ ከዲዛየር እንደሚሻል ጠቆመች። ወንበሯም ከፍ ያለ ስለሆነ አማቴ አይቸገሩም ባይ ናት።

መልስ 10። ስሟ የቡና ስለሆነ ሠርቶ አደር አይገዛትም። (ሳቅኩ።)

መልስ 11። ስለ ከፍታ ሌላ ነገር አመጣ፤ ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ ከተማዋ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ያንሰዋል። ስለዚህ የአንድ ሊትሯ ቪትዝ በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት ቢኖራትም፣ እኛ ጋር የምትሠራው በ55 ገደማ ነው። አራት ሰው ጭና ከቃሊቲ ወደ ላይ ስትወጣ ማርሽ መቀነስ እንጂ ነዳጅ መርገጥ አይጠቅምም። 1.3ቷን ፈልጉ፤ የነዳጅ ልዩነቱ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ትንሽ ሞተር ተጨንቆ ሲሠራም ይበላል።

መልስ 12። ይህን ሁሉ ሐተታ አንብቦ፣ የኤሌክትሪክ መኪና እያለ ስለ ኦክስጅን ማውራት ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። ቢዋይዲ ሲጋልን አቀረበ። 3 ሜትር ከ78 ትረዝማለች፤ በጎማዎቿ መካከል ሁለት ሜትር ተኩል አላት። የትንሿ ባትሪ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ቻይና በሚለኩበት መንገድ 305 ኪሎ ሜትር ታስኬዳለች፤ በእኛ መንገድ ግን ከዚያ ቀንሱ። እኛን አስልቶልናል። በቀን ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 ቀን ስንሄድ 1,100 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 14 የምትሄድ የቤንዚን መኪና 79 ሊትር ትፈልጋለች። ሊትሩን በ120 ብር ብናስበው እንኳን 9,480 ብር ነው፤ ወረፋውን ሳይጨምር። ባለቤቴ ይህን ስሌት በስልኩ ደግሞ ሠርቶ ዝም አለ። የሒሳብ ሰው ዝም ሲል ስሌቱ ትክክል ነው ማለት ነው።

መልስ 13። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው የት ይሰኩታል? ከዚህ በላይ አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም።

መልስ 14። በቤት ሶኬት 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመሙላት 14 ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መብራት በሚጠፋበት ሠፈር ደግሞ ጭራሽ እንደማይታሰብ ጻፈች።

መልስ 15። 14 ቁጥርን አረመ። ማንም ሰው በየማታው ከባዶ አይሞላም። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሄደ ሰው የሚጎድለው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እሱን መሙላት ደግሞ በተራ ሶኬት ከሦስት ሰዓት በታች ነው የሚፈጀው፣ ከእራት እስከ መኝታ ማለት ነው። መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋም የትናንቱ ይቀራል። ይህ ሰው ግቢ ያለው ቤት ውስጥ እንደሚኖር ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

መልስ 16። ከሦስተኛ ፎቅ ገመድ ጥሎ የሞከረ ጎረቤት ነበረው። ገመዱ ቀጭን ስለነበር ሌሊት ጋለ፤ የላስቲክ ሽታ ሕንፃውን ሞላው። ከዚያ ወዲህ የብሎኩ ነዋሪዎች በስብሰባ ከለከሉ። የራሱ ቆጣሪ መሬት ላይ የሌለው ሰው፣ ሥራ ቦታው ላይ መሙላት ካልቻለ አይግዛ ብሎ ደመደመ። እኔም በዚህ ተስማምቼ፣ ለሌሎች ትልቅ ነገር ቢሆንም ለእኛ ገና መሆኑን ጻፍኩ (መልስ 17 የእኔ ነው)።

መልስ 18። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ሁላችንም እርስዎ አልናቸው። በ1960ዎቹ ሰይቼንቶ ነበራቸው፤ ፊያት 600 ማለት ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃው ከፊት። ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ከኋላና ከፊት ደርድረው፣ ለፋሲካ በግ ፖርቶመጋላው ላይ አስረው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ይገቡ ነበር። ስፋት በመኪናው ሳይሆን በተሳፋሪው ጠባይ እንደሚለካ ጻፉ። ልጆቹ በየተራ በእናታቸው እቅፍ ይሆኑ ነበር፤ ማንም አላለቀሰም፤ በጉም ጭምር።

መልስ 19። በግ ጣሪያ ላይ መጫን ግፍ ነው።

መልስ 20። በጉ የሚታረድ በግ መሆኑን አስታወሰ።

መልስ 21። ቢታረድስ ብሎ ተነሣ፤ ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ተነታረኩ። መድረኩ ሁሉን በአንድ ቁጥር ስለጠቀለለው እኔም ጠቅልዬዋለሁ። አባት አልተመለሱም፤ ደግ ሰው ናቸው፤ አሳፈርናቸው።

መልስ 22። እዚህ ላይ የውይይቱ አየር ተለወጠ። ይህ ሰው መኪና ለወጣት ባልና ሚስት ሞኝነት ነው ባይ ነው። ብሩ ወርቅ ይገዛበት፣ ወርቁ ይቀመጥ፣ እናንተ በታክሲ ሂዱ፤ መኪና ማለት በየወሩ ደመወዝ የምትጠይቅ ሁለተኛ ሚስት ናት ብሎ ጻፈ። አነጋገሩ ክፉ ነው፤ ክፋቱ እንዳለ ሆኖ የጎማ፣ የዘይት፣ የኢንሹራንስና የቦሎ ወጪን በዝርዝር ያስቀመጠ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 23። 3 ቁጥር ራሱ መኪናን ከወርቅ ጋር ያመሳሰለ መሆኑን ጠቅሳ፣ ወርቅ ሰው ተሸክሞ ሆስፒታል አያደርስም አለችው።

መልስ 24። ወርቁን ሽጠሽ መኪና ጨምሪ አለኝ። የጥሎሽ ወርቄን ማለቱ ነው። ለዚህ መልስ አልሰጠሁም፤ ባለቤቴም ይህን መልስ ሲያነብ አየሁት፣ እሱም ምንም አላለም፤ ጥሩ አደረገ።

መልስ 25። ከየካ አባዶ የጻፈችው ሴት ጥያቄዬን ከሥሩ ነቀለችው። የኋላዋ የተዘረጋ፣ ሰፊ መኪና ነበራት። በገዛች በወሩ እድሩ አወቀ። ለቅሶ ሲኖር ብረት ድስቱና የፕላስቲክ ወንበሩ በእሷ መኪና ይመላለሳል፤ ማኅበር ሲደርስ የጠላው ጋን ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ይሄዳል፤ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት ሌሊት በሩ የሚንኳኳው የእሷ ነው። ስፋት ስትገዢ የምትገዢው ለራስሽ አይደለም፤ ለብሎኩ ነው ብላ ጻፈች። እያማረረች ይሁን እየኮራች ሦስት ጊዜ አንብቤ አልለየሁትም።

መልስ 26። ከገላን የጻፈው ሰው፣ እሱ በዚሁ ምክንያት ያገኛትን ትንሿን መኪና መግዛቱን፣ ከኋላ ሰው የማይገባባት ስለሆነች በሕይወቱ እንዲህ ሰላም አግኝቶ እንደማያውቅ ተናገረ። የሚጠይቀው የለም። የምትጠብ መኪና እንቢ የማለትን ድካም ትሸከምለታለች።

መልስ 27። ይህ መልስ ስለታም ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሰው ሰልፍ ቆሞ ዝናብ ሲመታው፣ ባዶ ወንበር ይዞ መስታወት ዘግቶ የሚያልፍን ሰው ሰው ብሎ መጥራት እንደሚከብደው ጻፈ። 26 ቁጥርን በስሙ ጠርቶ ነው የተናገረው።

መልስ 28። 26 ቁጥር ተመለሰ፤ ተቆጥቷል። የማያውቀውን ሰው በጨለማ አሳፍሮ ስልኩንና የኪስ ቦርሳውን የተዘረፈ ወንድም አለው። ደግነት የሚሰብከው ሰው መኪና እንዳለው መጀመሪያ ይንገረን አለ።

መልስ 29። የለውም፤ አመነ። ሰልፉ ላይ ነው የሚቆመው፤ መልሱንም የጻፈው እዚያው ቆሞ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔም ያ ሰልፍ ላይ ቆሜ የማደርገው ነገር አለ፤ በሚያልፉ መኪኖች ውስጥ ባዶ ወንበር እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ታክሲ እስኪመጣ 61 ቆጠርኩ። ከ62ኛዋ ውስጥ ስሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለዚህ ነው ከ27 እስከ 29 ያለውን ሳላሳጥር ያስቀመጥኩት።

መልስ 30። ሁለቱንም ለማብረድ የገባች የሕግ ሰው ናት። የሚታወቁ ጎረቤቶችን በነጻ ማሳፈር ምንም ችግር የለውም። የኮድ 2 ሰሌዳ ይዞ ሒሳብ መቀበል ግን ክልክል ነው፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ መኪናዋ ለቤት አገልግሎት ተመዝግባ በክፍያ ስትሠራ ነበር ብሎ ካሣውን ሊከለክል ይችላል። ለነዳጅ ብላችሁ ሃያ ብር እንኳን አትቀበሉ አለች።

መልስ 31። የጀሪካኑ ነገር ያስጨነቀው ሰው መጣ። የሚያስፈልጋችሁ መኪና ሳይሆን ሮቶ ነው አለ። አምስት መቶ ሊትር በረንዳ ላይ ብታስቀምጡ ጀሪካን መጫን ይቀራል።

መልስ 32። አምስት መቶ ሊትር ውሃ አምስት መቶ ኪሎ መሆኑን፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ደግሞ ለአበባና ለልብስ ማስጫ መሠራቱን አንድ መሐንዲስ ጻፈ። ከ33 እስከ 35 ያሉት መልሶች ስለ ውሃ ናቸው፤ በየትኛው ሠፈር በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ግፊቱ እንደሚሻል። ለመኪናው አይጠቅሙም። እኔ ግን የብሎካችንን ቀን ያወቅኩት ከዚያ ነው።

መልስ 36። የቃሊቲው መካኒክ ተመለሰ። ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን 120 ኪሎ ነው፤ ከእናንተ ከሁለታችሁ ጋር አራት ሰው እንደመጫን ነው፤ መኪናዋ አትሰበርም። ችግሩ ሁሉንም ከኋላ ጎማ በስተጀርባ መደርደር ነው፤ ያኔ ጭራዋ ይወርዳል፣ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪው ይንሳፈፋል፤ አሞርዛተሩና ሞላውም ቶሎ ያልቃሉ። ሁለቱን ከፊት ወንበሮች ኋላ፣ እግር ማሳረፊያው ላይ፣ አራቱን ከኋላ አድርጉ። ጀሪካኑን ደግሞ ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፤ ግማሽ የሆነ ጀሪካን በየመታጠፊያው ይማታል። በዝናብ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዙ ውሃው ወደ ፊት እንዳይመጣባችሁ በገመድ እሰሩት።

መልስ 37። ወረቀቱን እንዳንረሳ አስጠነቀቀ። ከሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ፤ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ፤ ቦሎዋ የዚህ ዓመት ይሁን፤ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ሳትፈራረሙ ቁልፍ ተቀብላችሁ አትደሰቱ። እሱ ተደስቶ ያውቃል፤ ስም ማዛወሩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት።

መልስ 38። መርካቶ ሶማሌ ተራ የቪትዝ ስፖኪዮ በየሱቁ እንደሚንጠለጠል፣ አንዳንዴም የራስህን መልሰህ እንደምትገዛ ነገረን።

መልስ 39። ትንሽና ሰፊ፣ ነዳጅ የማታበዛ መኪና የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ። ውይይቱን አላነበበም። እንኳን ደህና መጣህ።

መልስ 40። ባለቤቴ ነው። ስሙን አልደበቀም፤ የጠያቂዋ ባል መሆኑን አስታውቆ ሁለት ነጥብ አስመዘገበ። አንደኛ፣ ጀሪካኖቹን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣቸው እሱ መሆኑ በመነሻ ጽሑፉ ላይ አልተጠቀሰም። ሁለተኛ፣ መኪና ማቆሚያው በሁለት ብሎክ መካከል ያለች፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱባት ጠባብ ቦታ ስለሆነች ትንሽ ሲል የቆየው ለዚህ እንጂ ለሌላ አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው።

መልስ 41። ቁርጥ ያለ ምክር ነበር። የመኪናን ስፋት ወረቀት አይነግራችሁም፤ ልታዩ ስትሄዱ የምትጭኑትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

መልስ 42። የእኔ ነው። 7 ቁጥር፣ ያ ማስታወቂያ የለጠፈው፣ በግል ጽፎልኝ ነበር። ቪትዝ ያላት ሳይሆን ያሪስ ናት፤ 1.3 ናት፤ መሪዋ አልዞረም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዓለም ገና ድረስ ሄድን። የጎረቤታችንን ፒክአፕ ለምነን ስድስቱን ጀሪካን ሞልተን ወሰድን፤ አማቴንም። ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ጀሪካኖቹን ሲያይ፣ የውሃ መኪና የሚፈልጉ ከሆነ ተሳስተዋል ብሎ ሊመልሰን ምንም አልቀረውም።

የኋላ ወንበሯን ወደ ፊት ሳብናት። አራቱ ከኋላ ተቃቅፈው ቆሙ፤ አምስተኛው ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ገባ፤ ስድስተኛው ከእኔ እግር ጋር ተጣላ፤ አቅፌው ተቀመጥኩ። መጥረጊያውን አስነሣን፤ ግራውን ጥግ ጠረገው። አማቴ ከፊት ተቀመጡ፣ ጣሪያውን በእጃቸው ነኩት፣ ከዚያ በሩን ይዘው ያለ ማንም እርዳታ ወረዱ። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

አማቴ ግን ዙሪያዋን ዞሩ፤ የኋላውን በር ከፍተው አዩ። ከዚያ ሻጩን በትሕትና ጠየቁት፤ ጀሪካኑ በማይኖርበት ቀን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ሦስቱ ባልቴቶች ከኋላ ይበቃቸው እንደሆነ።

ባለቤቴ ሦስቱንም ያውቃቸዋል። አንደኛዋ ቀጭን ናቸው።